የአንባቢያን ጥያቄና መልስ፦ ነዳጁ አየሩን ይከተል

በዚህ እትም ሦስት ጥያቄዎች መርጫለሁ። አንዱ ከአዲስ አበባ፣ አንዱ ከኮሎራዶ፣ አንዱ ከዱባይ ነው። መኪኖቹ አይመሳሰሉም፤ ጥያቄው ግን አንድ ነው። ሞተሩ እንዲጎትት ነዳጁን እንዴት እናስተካክለው?

ጥያቄ፦ «ሰላም ለአዘጋጁ። የ1980ዎቹ ቶዮታ ኮሮላ አለኝ። ሞተሩ 1.3 ሊትር ነው፣ ባለ ካርቡሬተር። ልጄ ከውጭ ሲመጣ ዌበር ካርቡሬተር ይዞልኝ መጣ፤ ጋራዥ ወስጄ አስገጠምኩት። የድሮው የነዳጅ ፓምፕ ደክሟል ብለው ከሌላ መኪና የተፈታ የኤሌክትሪክ ፓምፕም ገጠሙልኝ። ከዚያ ወዲህ ጥቁር ጭስ ያጨሳል። ውስጡ ቤንዚን ቤንዚን ይሸታል። ጠዋት ሚኒሞ አይዝም፤ ነዳጅ ካልረገጥኩለት ይጠፋል። ወደ እንጦጦ ሲወጣማ ይታፈናል። የሚገርመኝ ወደ አዋሽ ስወርድ ትንሽ ይሻለዋል። ካርቡሬተሩ ተበላሽቶ ይሆን?» — የኮሮላ ባለቤት፣ ከአዲስ አበባ

መልስ፦ አባቴ፣ ካርቡሬተሩን አይጣሉት። ልጅዎ ያመጣልዎት ደህና ዕቃ ነው። እኔ መጀመሪያ የምጠረጥረው ፓምፑን ነው፤ እባክዎ ይህን ሳያዩ መኪናውን ብዙ አይንዱት።

ምክንያቱን ልንገርዎ። ያ የኤሌክትሪክ ፓምፕ የተፈታው ኢንጀክተር፣ ማለት ቤንዚኑን በግፊት የሚረጭ ዕቃ፣ ካለው መኪና ከሆነ፣ የተሠራው 3 ባር አካባቢ ግፊት እንዲሰጥ ነው። በፒኤስአይ ወደ 44 ማለት ነው። ዌበር ካርቡሬተር የሚፈልገው 3 ፒኤስአይ ገደማ ነው፣ ከ3.5 በላይ አይወድም። ካርቡሬተሩ ውስጥ ቤንዚኑ ልኩ ላይ ሲደርስ መግቢያውን የሚዘጋ ትንሽ መርፌ አለ። መርፌውን የሚገፋው ቤንዚኑ ላይ የሚንሳፈፍ ቀላል ዕቃ ነው። 3 ፒኤስአይ ሲመጣበት ይዘጋል። 44 ሲመጣበት ግን አቅም የለውም፤ ቤንዚኑ መርፌውን እየገፋ ይገባና ሞልቶ ወደ ሞተሩ ይፈሳል። ጥቁር ጭሱም፣ ሽታውም፣ ጠዋት ሚኒሞ አለመያዙም ከዚህ ሊመጣ ይችላል።

ለማረጋገጥ ቀላል ነው። ሞተሩን አጥፍተው፣ ቀዝቀዝ ሲል የአየር ፊልትሮውን ያንሱና ቁልፉን ብቻ ከፍተው ፓምፑ ሲሠራ ወደ ካርቡሬተሩ አፍ ይመልከቱ። ቤንዚን ሲንጠባጠብ ካዩ ወዲያው ቁልፉን ይዝጉ፤ ነገሩ አልቋል፣ ጥፋተኛው ፓምፑ ነው። ሲያዩ ሲጋራም ክብሪትም አጠገብዎ አይኑር። ከዚያ የዘይት መለኪያውን ብረት አውጥተው ያሽቱት። ቤንዚን ከሸተተ ዘይቱ ቀጥኗል ማለት ነው፤ ሳይቀይሩ አይንዱ፤ የቀጠነ ዘይት ብሮንዚናውን፣ ማለት የሞተሩ ዘንግ የሚዞርበትን ማረፊያ፣ ይበላል።

መፍትሔው ለካርቡሬተር የተሠራ ዝቅተኛ ግፊት ያለው ፓምፕ መግጠም፣ ወይም የድሮውን በሞተሩ የሚገፋ ፓምፕ ማሳደስ ነው። እኔ ብሆን የድሮውን አሳድሳለሁ። ሞተሩ ሲቆም እሱም ይቆማል። የኤሌክትሪኩ ፓምፕ ግን መኪናው ቢጋጭም ቁልፉ እስካልተዘጋ ቤንዚን መግፋቱን ይቀጥላል። የኤሌክትሪክ ከመረጡ ሞተሩ ሲጠፋ ፓምፑን የሚያቋርጥ ማብሪያ አብሮ ይገጠም። ይህን የሚያስቀር መካኒክ ካለ ሌላ ቦታ ይሂዱ።

አሁን ወደ አዋሽ ሲወርዱ የተሻለዎት ለምን እንደሆነ ልምጣ። እዚህ ላይ የራስዎ ዓይን ግማሹን መልስ ሰጥቶዎታል።

አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ 2,350 ሜትር አካባቢ ላይ ናት። በዚህ ከፍታ አየሩ ባሕር ዳርቻ ካለው ወደ 20 በመቶ ይሳሳል። ሞተሩ በአንድ ስበት የሚያስገባው የአየር መጠን አይቀንስም፣ ክብደቱ ግን ይቀንሳል። የሚያቃጥለው ደግሞ ክብደቱን ነው። ለዚህ ነው ባሕር ዳርቻ 75 የፈረስ ጉልበት የሚሰጥ ሞተር እዚህ 60 ከሰጠ ጥሩ ነው የምንለው። ይህን ኪሳራ ካርቡሬተር አይመልስልንም፤ ተፈጥሮ ነው።

ካርቡሬተር ግን ሌላ ችግር ይጨምራል። አየሩ መሳሳቱን አያውቅም። የቤንዚኑ መውጫ ጄት፣ ማለት ያቺ ትንሿ የነሐስ ቀዳዳ፣ መጠኗ ያው ነው። ስለዚህ አየሩ በቀነሰው ልክ ቤንዚኑ አይቀንስም። ለባሕር ጠለል የተሠራ ካርቡሬተር አዲስ አበባ ላይ ወደ 12 በመቶ ተጨማሪ ነዳጅ ይሰጣል። በቁጥር ላስቀምጠው፤ ለአንድ ኪሎ ቤንዚን 14.7 ኪሎ አየር ሲደርስ ሁሉም ይቃጠላል። ባሕር ዳርቻ በዚህ ልክ የተስተካከለው ካርቡሬተር እዚህ ወደ 13 ይወርዳል። ባሕር ዳርቻ ለጉልበት ተብሎ 13 ላይ የተደረገው ደግሞ እዚህ 11.6 አካባቢ ይሆናል፤ ያ ደግሞ ጥቁር ጭስ ነው። እንጦጦ ላይ ከ3,000 ሜትር በላይ ሲሆኑ ይብሳል፤ አዋሽ 1,000 ሜትር አካባቢ ስለሆነ ይቀላል።

ስለዚህ ፓምፑ ከተስተካከለ በኋላ ጄቱ ይቀየር። ዌበር ላይ የጄቱ ቁጥር የቀዳዳው ስፋት ነው። 140 ካለ 1.40 ሚ.ሜ ነው። ፍሰቱን 12 በመቶ ለመቀነስ ስፋቱ 6 በመቶ ገደማ መጥበብ አለበት፤ 140 የነበረው ወደ 130 ይመጣል። ጄቱን በሽቦ መውጋት ወይም በመሰርሰሪያ ማስፋት ግን አይሞከርም። አንዴ የተበላሸ ቀዳዳ አይመለስም፣ ቁጥሩም ውሸት ይሆናል። ጄት ርካሽ ዕቃ ነው፤ ልጅዎ በሚመጣበት ጊዜ 125፣ 130 እና 135 ቢይዝልዎት ሦስቱንም ሞክረው ይመርጣሉ።

ጄቱን ከመንካትዎ በፊት ግን ቫልቩ፣ የማቀጣጠያው ልክና ካንዴላው ይስተካከሉ፣ የአየር ፊልትሮውም ይጽዳ። ያልተስተካከለ ማቀጣጠያ ሲጎትት የነዳጅ ችግር ይመስላል፤ ሰው ካርቡሬተር ሲፈታ ሲገጥም ወር ይፈጃል። ከዚያ ሚኒሞውን የምታስተካክለዋን ብሎን ቀስ ብለው እስክትነካ ይዝጉ፣ አንድ ዙር ተኩል ይክፈቱ፣ ሞተሩ ሞቆ እያለ ዙሩ ከፍ የሚልበትንና ለስላሳ የሚሆንበትን ቦታ ይፈልጉ። አጥብቀው አይዝጓት፤ ጫፏ ይጎዳል።

በመጨረሻ 10 ኪ.ሜ ያህል በደንብ ይንዱና ካንዴላውን አውጥተው ይዩ። ደረቅ ጥቁር ጥላሸት ከሆነ ነዳጁ አሁንም በዝቷል። ቀላል ቡናማ ከሆነ ደስ ይበልዎት። ነጭ ሆኖ የተላጠ የመሰለ ከሆነ ነዳጁ አንሷል፤ ያ ደግሞ ከጥቁሩ ይበልጥ ያስፈራል፤ ሞተር የሚያቃጥለው እሱ ነው። አንድ ነገር ደግሞ ያስታውሱ፤ ለአዲስ አበባ ያስተካከሉት መኪና ወደ ድሬዳዋ ወይም ወደ ጅቡቲ ረጅም መንገድ ሲሄድ ቅልቅሉ ይሳሳል፤ ማለት ነዳጁ ለአየሩ ያንሳል። ከአዲስ አበባ እስከ አዋሽ ብቻ 7 በመቶ ገደማ ይለወጣል። ቆላ ብዙ የሚቆዩ ከሆነ ትልቁን ጄት ይመልሱ፤ የሃያ ደቂቃ ሥራ ናት።

ጥያቄ፦ «ወንድሜ ሰላም ነው? የምኖረው አውሮራ፣ ኮሎራዶ ነው። የ2011 ሱባሩ ደብሊው አር ኤክስ አለኝ። ትልቅ የአየር ማስገቢያ ገጠምኩለት፣ ድምፁ ልብ ይሰርቃል። ግን ቼክ ኢንጂን በራ። ሳነበው ቅልቅሉ ሳስቷል ይላል፤ ኮምፒውተሩም 12 በመቶ ነዳጅ እየጨመረ ነው። ጓደኞቼ ‹1,000 ሲሲ ኢንጀክተር ግዛ፣ ያልቃል› አሉኝ። ወደ ፊት 350 የፈረስ ጉልበት ላይ ማድረስ እፈልጋለሁ። ልግዛ?» — ከአውሮራ

መልስ፦ ወንድሜ፣ ዛሬ አትግዛ። መኪናህንም እስኪስተካከል ድረስ አትርገጠው። የምሬን ነው።

መኪናህ የሚገባውን አየር የሚለካው በማስገቢያው ቱቦ ውስጥ ባለ ሴንሰር ነው። ሴንሰሩ የሚያየው በአጠገቡ የሚያልፈውን ብቻ ነው፤ ቀሪውን ኮምፒውተሩ በቱቦው ስፋት አስቦ ያሰላዋል። አንተ ቱቦውን አሰፋኸው። ያው አየር በሰፊ ቱቦ ሲያልፍ ፍጥነቱ ይቀንሳል። ሴንሰሩ ትንሽ አየር አየ፤ ኮምፒውተሩም ትንሽ ነዳጅ ሰጠ። ኢንጀክተርህ ምንም አልሆነም። ኮምፒውተሩን ያሳሳትከው አንተ ነህ። በዚህ ላይ 1,000 ሲሲ ኢንጀክተር ብትጨምርበት ሁለተኛ ስህተት ትደርብበታለህ።

12 በመቶው ቀስ ብለህ ስትነዳ አያሳስብም፤ የኦክስጅን ሴንሰሩ አይቶ ይሸፍንልሃል። ሙሉ በሙሉ ስትረግጥ ግን ኮምፒውተሩ በአብዛኛው ሴንሰሩን መከተሉን ይተውና በውስጡ የተጻፈለትን ሰንጠረዥ ይከተላል። ቱርቦው አየሩን በኃይል ወደ ሞተሩ የሚነፋው፣ ሙቀቱ የሚያይለው፣ ነዳጅ የሚያስፈልገው ያኔ ነው። የዚያ 2.5 ሊትር ቱርቦ ሞተር የታወቀ ደካማ ጎን ደግሞ የፒስተኑ ቀለበት የሚቀመጥበት ጠርዝ ነው። ነዳጁ ሳስቶ ሞተሩ ሲንኳኳ ያ ጠርዝ ይሰበራል። ድምፁ ልብ የሚሰርቀው ማስገቢያ አንድ ሞተር ሊያስከፍልህ ይችላል። ያለህ ምርጫ ሁለት ነው፦ ፋብሪካው የሰጠህን ማስገቢያ መልስ፣ ወይም ለአዲሱ ማስገቢያ የሴንሰሩን ሰንጠረዥ የሚጽፍልህ ሰው ጋ ውሰደው። እስከዚያ የመጀመሪያውን አድርግ።

አሁን 350ውን እናስላው፤ ለሌሎችም ይጠቅማል። ቱርቦ ሞተር ለአንድ የፈረስ ጉልበት በሰዓት 270 ግራም ገደማ ቤንዚን ይፈልጋል። 350 ሲሆን ወደ 95 ኪሎ፣ በሊትር 127 ገደማ። ለአራት ኢንጀክተር ሲካፈል ለእያንዳንዱ በሰዓት 32 ሊትር፣ በደቂቃ 530 ሲሲ አካባቢ። ኢንጀክተር ግን መቶ በመቶ ክፍት ሆኖ መሥራት የለበትም፤ 80 በመቶ ላይ እናቆመዋለን። 530ን ለ0.8 ስታካፍለው 660 ሲሲ ይመጣል። ከ650 እስከ 750 ያለው ይበቃሃል። 1,000ው ለማን ነው? ከዚህ በጣም የሚበልጥ ጉልበት ለሚፈልግ ወይም ብዙ ኢታኖል ያለበት ነዳጅ ለሚጠቀም። ለአንተ ሚኒሞውን ከማስቸገር ሌላ የሚጨምረው ነገር የለም።

ለምን ሚኒሞውን? ሞተሩ 6,000 ዙር ላይ ሲሆን አንድ ሙሉ የሥራ ዙር 20 ሚሊሰከንድ ነው፤ ኢንጀክተሩ ያን ያህል ጊዜ አለው። ሚኒሞ ላይ ግን የሚከፈተው ለሁለትና ለሦስት ሚሊሰከንድ ብቻ ነው። ከዚያ ላይ አንድ ሚሊሰከንድ ያህሉ መርፌው እስኪነሳ የሚባክን ነው፤ ባትሪው ሲደክም ደግሞ የሚባክነው ይረዝማል። ኢንጀክተሩ ከልክ በላይ ሲተልቅ የቀረችውን አጭር ጊዜ ይበልጥ ማሳጠር ግድ ይሆናል፤ ትንሽ ስህተት ትልቅ መንገጫገጭ ታመጣለች። ስለዚህ ኢንጀክተር ስትገዛ ያ የሚባክነው ጊዜ በየቮልቱ ተለክቶ የተጻፈለትን ግዛ። ያልተለካ ርካሽ ኢንጀክተር የአስተካካዩን ጊዜ ስለሚበላ መጨረሻ ላይ ውድ ነው።

ፓምፑንም አትርሳ። ይህን የምለው ከደረሰብኝ ነው። የዛሬ ብዙ ዓመት 1.6 ሊትር ባለ 16 ቫልቭ የቶዮታ ሞተር አሠርቼ ነበር፤ ትልቅ ፓምፕ ተገጠመለት፣ ኢንጀክተሩም ጥሩ ነበር። በሦስተኛው ሳምንት ሦስተኛው ፒስተን ቀለጠ። ስንፈልግ ስንፈልግ ያገኘነው ሽቦ ነው። ጋራዡ አዲሱን ፓምፕ በድሮው ቀጭን ሽቦ ነበር ያገናኘው። ባትሪው ላይ 14 ቮልት፣ ፓምፑ ጋ 10.8። በዚያ ቮልት ፓምፑ ግማሽ ልቡ ነው የሚሠራው። ያ ፒስተን እስከ ዛሬ ጠረጴዛዬ ላይ አለ። ፓምፕ ስትቀይር ከባትሪው ቀጥታ ወፍራም ሽቦ፣ ፊውዝና ሪሌ ይሳብለት፤ ከዚያ ሞተሩ በሙሉ ጉልበት ሲሠራ ቮልቱን ፓምፑ ጋ ለካው። ግፊቱንም ለካ። ቱርቦው የሚነፋው በጨመረ ቁጥር የነዳጁ ግፊት በዚያው ልክ መጨመር አለበት፤ ካልጨመረ ኢንጀክተሩ ወረቀት ላይ ያለውን ያህል አይሰጥም።

ገንዘብህን መጀመሪያ የምታወጣበትን ከጠየቅከኝ፣ ሰፊ ክልል የሚያነብ የኦክስጅን ሴንሰርና ጌጅ ነው። ተራው ሴንሰር ከ14.7 በላይ ነው ወይስ በታች የሚለውን ብቻ ነው በእርግጠኝነት የሚነግርህ። ቱርቦ ሞተር በሙሉ ጉልበት 11 እና 11.5 አካባቢ እንዲሆን ትፈልጋለህ፤ ያንን ቁጥር በዓይንህ ማየት አለብህ። ሴንሰሩ ከቱርቦው በኋላ ራቅ ብሎ፣ ውሃ እንዳይቋጥርበት ጫፉ ወደ ታች ዘንበል ብሎ ይገጠም።

ስለ ቦታህም ልጨምር። ዴንቨር አካባቢ 1,600 ሜትር ላይ ናችሁ። የአየሩ ግፊት 12 ፒኤስአይ ገደማ ነው፣ ባሕር ዳርቻ 14.7። የቱርቦው ግፊት ጌጅህ ሁለቱም ጋ 15 ፒኤስአይ ቢል እንኳ ባሕር ዳርቻ ስትደርስ ሞተርህ 10 በመቶ ያህል ተጨማሪ አየር ያገኛል። በሐምሌ ለኢትዮጵያውያን የስፖርት ፌስቲቫል መኪናህን ነድተህ ዝቅ ወዳለ ከተማ ከሄድክ፣ ዴንቨር ላይ 85 በመቶ ክፍት የነበረው ኢንጀክተር እዚያ 93 ይገባል። ለዚህ ነው ቦታ የምንተወው። ነዳጅ ስትቀዳም እናንተ ጋ ያለውን 85 ኦክቴን አትንካው፤ 91ዱን ቅዳ። የጭስ ማጣሪያውንም አታስወጣ፤ ሕግም ይከለክላል፣ ምርመራውንም አታልፍም።

ጊዜ ካገኘህ ደግሞ ፓይክስ ፒክን፣ ያንን የተራራ ላይ የመኪና ውድድር፣ ሄደህ እይ፤ ቅርብህ ነው። ውድድሩ ከ2,862 ሜትር ተነስቶ 4,302 ሜትር ላይ ያልቃል፤ 20 ኪ.ሜ ገደማ፣ 156 መጠምዘዣ። በ2013 ሴባስቲያን ሎብ በቱርቦ ፔጆ በ8 ደቂቃ ከ13.878 ሰከንድ ወጣው። በ2018 ሮማን ዱማ በኤሌክትሪክ ፎልክስዋገን 7 ደቂቃ ከ57.148 ገባ። የኤሌክትሪኩ መኪና አየር ቢሳሳ አይገደውም። ቤንዚን የሚያቃጥለው ግን በየመጠምዘዣው አየሩ እየሳሳበት ነዳጁን እየቀነሰ ይወጣል። እዚያ ቆመህ ስታይ ይህ ሁሉ የጻፍኩልህ ነገር ይገባሃል።

ጥያቄ፦ «ዱባይ ጋራዥ ውስጥ ነው የምሠራው። አንድ ኒሳን ፓትሮል አለ፣ 4.8 ሊትር፣ ቱርቦ የተገጠመለት። አስፋልት ላይ እሳት ነው። አሸዋ ላይ ግን ቀጥ ያለ ኮረብታ ሲወጣ ድንገት ይቆርጣል፣ ከዚያ ይመለሳል። ሁለት ፓምፕ ቀይረናል። ምን ትላለህ?» — ከዱባይ

መልስ፦ ሦስተኛ ፓምፕ አትግዙ። ፓምፑ ነዳጅ እያጣ ነው። መኪናው ሲያንጋጥጥ ወይም በጎኑ ሲያዘነብል ታንክ ውስጥ ያለው ቤንዚን ወደ አንድ ጥግ ይሄዳል፤ ፓምፑ አየር ይጎርሳል። አስፋልት ላይ አይታይም። ሊዋ በረሃ ያለውን ወደ 300 ሜትር የሚጠጋ የሞሪብ የአሸዋ ኮረብታ ለሚወጣ መኪና ግን በዚያች አንድ ሰከንድ ቱርቦው እየነፋ ነዳጁ ይቀራል። ሞተሩ ሲቆርጥ ዕድለኛ ናችሁ፤ ሳይቆርጥ ሳስቶ ቢቀጥል ኖሮ ፒስተን ነበር የምታወሩት።

ለማረጋገጥ ታንኩን ሙሉ አድርጉና ያንኑ ኮረብታ ውጡ። ካልቆረጠ መልሱ ያ ነው።

መፍትሔው ከታንኩ ሌላ 2 ወይም 3 ሊትር የሚይዝ ቁመተ ረጅም ትንሽ ጋን መጨመር ነው። ከታንኩ አንድ ዝቅተኛ ግፊት ያለው ፓምፕ ይሞላዋል። ትልቁ ፓምፕ ከጋኑ ሥር ይስባል። ከኢንጀክተሮቹ የተረፈው ወደ ጋኑ ይመለሳል። ከጋኑ አናት የሞላው ወደ ታንኩ ይመለሳል፣ አየሩም አብሮ ይወጣል። ታንኩ ለጥቂት ሰከንድ ባዶ አየር ቢሰጥ እንኳ ትልቁ ፓምፕ ከጋኑ እየሳበ ይቀጥላል። ጋኑን ሰው ከሚቀመጥበት ክፍል ውጭ አድርጉት፣ ከጭስ ማውጫው አርቁት። በእናንተ ሙቀት ቤንዚኑ ቶሎ ይሞቃል፤ እየሞቀ ሲመላለስ አረፋ ያነሳል፤ ስለዚህ ታንኩን ከግማሽ በታች አታስወርዱ። ከዚያ የነዳጁን ግፊት የሚመዘግብ ሴንሰር ግጠሙና ያንኑ ኮረብታ ድገሙት። መስመሩ አንድም ቦታ ካልወረደ ለባለቤቱ አስረክቡት።